የመቅደላ ዘመቻ በእንግሊዝ ጸሐፍት ብዕር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው መርሳን አልፎ ሲሪንቃን የሚያቋርጥበት አውራ ጎዳና በዘመናዊ መልክ የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ ከተራሮቹ ባሻገር ዋድላና ደላንታ አሉ፤ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘለቀው በዚያ ደጋ ነበር። ስለ ሁለቱም ወረራዎች እንግሊዛውያን ጸሐፍት መጻሕፍት አሳትመዋል። የዓለም አንባቢም ኢትዮጵያን ለረጅም ጊዜ ያወቃት በእነርሱ ዓይን ነው።

በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩ አውሮጳውያንን ለማስለቀቅ በሚል የተላከ ሲሆን፣ 13 ሺህ ገደማ ወታደሮችና ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት። ጋዜጠኞችም አብረው ዘመቱ። የ«ስታንዳርድ» ጋዜጣ ዘጋቢ የነበረው ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ዘገባዎቹን ሰብስቦ «ጉዞ ወደ መቅደላ» የሚል መጽሐፍ በዚያው ዓመት አወጣ። ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ የዘገበው ሄንሪ ስታንሊም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን አሳተመ።

በእነዚህ ጽሑፎች ዘመቻው በአብዛኛው የሥርዓትና የምሕንድስና ድል ሆኖ ይቀርባል። እውነትም የመንገዱና የስንቁ አደረጃጀት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ያ ጦር ያለ አገሬው እህልና አጋሰስ መቅደላ አይደርስም ነበር። ገብሱና ሣሩ በጠገራ ብር እየተገዛ፣ ጭነቱም በአካባቢው ከብት እየተጓጓዘ ነው የተዘለቀው። የትግሬው ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት፣ እንዲሁም የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ከንጉሡ ጋር ስለተጣሉ መንገዱን አልዘጉም። በአጭሩ፣ ቴዎድሮስ እንግሊዞች ሳይመጡ አገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ሠራዊት 700 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይገመታል። ከናፒየር ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የሞቱት ሁለት ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው ከኋላው ጥይት የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከዘማቹ ሠራዊት ብዙው እንግሊዛዊ ሳይሆን ሕንዳዊ ነበር። በአሮጌ ፊት ለፊት የገጠሙት የፑንጃብ ወታደሮች የያዙት ግን ከአፈሙዙ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ነው። ከሕንድ የ1857 (እ.ኤ.አ.) ዐመፅ በኋላ እንግሊዝ ለሕንዳውያን ወታደሮቿ አዲሱን መሣሪያ መስጠት ትፈራ ነበር። ለአንድ ንግሥት በሚዋጋ ጦር ውስጥ እንኳ ጠመንጃው በዘር ተከፋፍሏል ማለት ነው።

ሄንቲ ከዘመቻው በኋላ ወደ ልብ ወለድ ተሸጋገረና ለወንዶች ልጆች ከመቶ የማያንሱ መጻሕፍት ጻፈ። ጀግናው ብዙውን ጊዜ ወጣት እንግሊዛዊ ነው፤ ጦርነቱ ወደ ሕንድ፣ ወደ ሱዳን ወይም ወደ አሻንቲ ይወስደዋል፣ በድልም ይመለሳል። ስለ አሻንቲ ጦርነት በጻፈው ላይ ጥቁር ሕዝብን እንደ ልጅ፣ ያለ ነጭ አሳዳሪ መቆም እንደማይችል አድርጎ አቅርቧል። እነዚህ መጻሕፍት በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ለጎበዝ ተማሪ ሽልማት ይሰጡ ነበር። ተሸላሚዎቹ አድገው የቅኝ ግዛት ሹማምንትና መኮንኖች በሚሆኑበት ዘመን ይህ ተራ ጉዳይ አልነበረም።

የጣሊያን ወረራ ሲጀመር ሌላ ደራሲ መጣ። ኢቭሊን ዋው በ1928 ዓ.ም. ለ«ዴይሊ ሜይል» ለመዘገብ እስከ ደሴ ተጉዟል። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ለወራሪው አድልቶ፣ የጣሊያንን መንገድ ሥራ እንደ ሥልጣኔ ማስረጃ አወድሷል፤ የመርዝ ጋዙንም ጉዳት አሳንሶታል።

እንግሊዛውያን ሁሉ ግን እንደ ዋው አልጻፉም። የ«ታይምስ» ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በዚያው ጦርነት ላይ መጽሐፍ አውጥቶ ጋዙ ያደረሰውን ጥፋት መስክሯል። ጣሊያኖች አዲስ አበባ እንደገቡ ከአገር ያባረሩት እርሱን ነው። የዋድላን መንገድ፣ የእህሉን ግዥና የሰፈሮቹን ስም ለማወቅ የሚሻ የታሪክ ተማሪ ዛሬም የሄንቲን መጽሐፍ መግለጡ አይቀርም። ሲገልጥ ስለ ሕንዳውያኑ ጠመንጃ የተጻፈውንም ቢፈልግ መልካም ነው።