ሰልፉ ምን ይነግረናል? የጌም ኮንሶል እጥረትና ተፈላጊነት

ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ማሽን ያለው አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። አንድ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ከበሩ አልፈው እስከ መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ቤቱን ለሚሠራበት ልጅ «ዛሬማ ገበያው ደርቷል!» አልኩት። ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ምን ገበያ አለ ወንድሜ፣ አንዱ ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቶብኝ እኮ ነው» አለኝ። የመጡት ልጆች ቁጥር እንደ ሌላው ቅዳሜ ነው፤ የሚጫወቱበት ማሽን ግን በግማሽ ቀንሷል። እንግዲህ ሰልፉ ከመቼውም በረዘመበት ቀን የቤቱ ገቢ ግማሽ ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር በማይክሮ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ላይ የተከራከርንበትን ጉዳይ አስታወሰኝ። አዲስ የጌም ኮንሶል በአሜሪካ ወይም በጃፓን ገበያ ላይ በዋለ ቁጥር የምንሰማው ዜና ያው ነው፤ ሰዎች ሱቅ ደጃፍ ሲጠብቁ ያድራሉ፣ ሱቁ በተከፈተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ «አልቋል» ይባላል። ከመካከላችን ገሚሱ «ዕቃው ተወዳጅ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ኩባንያው ለማስታወቂያ ብሎ ሆን ብሎ የፈጠረው እጥረት ነው» አለ። በኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል። በዚህ ጽሑፍ ሰልፍና እጥረት ስለ አንድ ኮንሶል ተፈላጊነት ምን ሊነግሩን እንደሚችሉ፣ ምን ሊነግሩን እንደማይችሉ ከእውነተኛ ገጠመኞች ጋር ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰልፍ የሚለካው ምንድን ነው?

እጥረት ማለት በተተመነው ዋጋ ሰዎች ሊገዙ በሚፈልጉት መጠንና ለገበያ በቀረበው መጠን መካከል ያለ ልዩነት ነው። ልብ በሉ፤ ልዩነት ነው እንጂ ፍላጎቱ ራሱ አይደለም። ለምሳሌ ያህል «ሀ» የተባለውን ኮንሶል 10 ሺህ ሰው ፈልጎት 6 ሺህ ብቻ ቢቀርብ 4 ሺህ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። «ለ» የተባለውን ደግሞ 1 ሚሊዮን ሰው ፈልጎት 1 ሚሊዮን ቢቀርብ ማንም አይሰለፍም። ጋዜጠኛው ካሜራውን ይዞ የሚሮጠው ወደ «ሀ» ነው። ፈላጊው መቶ እጥፍ የሆነው ግን «ለ» ነው።

ሌላም ችግር አለ። ዕቃ ካለቀ በኋላ የሽያጭ ቁጥሩ ራሱ መናገር ያቆማል። ሱቁ 50 ኮንሶል ገብቶለት 50 ከሸጠ፣ ፈላጊው 51 ይሁን 500 ከደረሰኙ ላይ ማወቅ አይቻልም። ቁጥሩ የሚነግረን ፋብሪካው ምን ያህል እንደላከ ነው። በዚህ ላይ የሰልፉ ርዝመት በሽያጩ አደረጃጀትም ይወሰናል። አንድ ሳምንት ሙሉ ተበታትኖ ሊመጣ የሚችለውን ገዢ በአንድ ሌሊት ለስድስት ሰዓት ከጠራችሁት፣ ጎዳናው መሙላቱ አይቀርም።

በአንድ ሳምንት የታዩ ሁለት ሰልፎች

ለዚህ ጥያቄ ከኖቬምበር 2006 የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በአሜሪካ ኖቬምበር 17 አወጣ፤ ኒንቴንዶ ደግሞ ዊ የተባለውን ኮንሶል ከሁለት ቀን በኋላ ኖቬምበር 19 ቀን አወጣ። ለሁለቱም ሰው ተሰለፈ፣ ሁለቱም አለቁ። በዚያ ሳምንት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ለተመለከተ ሰው ሁለቱን ሰልፎች የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ከሰልፉ ጀርባ ያለው ነገር ግን የተለያየ ነበር። ሶኒ ለአሜሪካ ገበያ መክፈቻ ያቀደው 400 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ማነቆው የብሉ ሬይ ዲስክ የሚያነበው የሰማያዊ ሌዘር ክፍል በበቂ ሁኔታ ሊመረት አለመቻሉ ነበር። በዚሁ ምክንያት የአውሮፓ ገበያ እስከ ማርች 2007 እንዲጠብቅ ተደረገ። ዋጋውም 499 እና 599 ዶላር ስለነበር ከተሰለፈው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሊጫወትበት ሳይሆን ኢቤይ ላይ አትርፎ ሊሸጠው የመጣ ነው። በኛ አነጋገር አየር በአየር ነጋዴ ማለት ነው። 2007 ሲገባ ፕሌይስቴሽን 3 መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ መጠበቅ ጀመረ፤ በጁላይ ወር ሶኒ የ599 ዶላሩን ሞዴል በ100 ዶላር ቀነሰ።

ዊ 250 ዶላር ነበር። ኒንቴንዶ ምርቱን ደጋግሞ አሳድጎ በ2007 መጨረሻ በወር 1.8 ሚሊዮን ያህል ያመርት ነበር። ሆኖም ዕቃው በዚያም ገና ሱቅ ውስጥ አልተገኘም፤ እጥረቱ ወደ 2008ም ተሻገረ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የፕሌይስቴሽን 3 ሰልፍ አቅርቦቱ ሲስተካከል ጠፋ። የዊ ሰልፍ ግን አቅርቦቱ እየጨመረም አልጠፋም። ስለ ፍላጎት የሚናገረው የመጀመሪያው ሌሊት ሰልፍ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ሁኔታ ነው። በመጨረሻ ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ፕሌይስቴሽን 3 ወድቋል ለማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሰልፍ የሁለቱን ልዩነት ሊነግረን አይችልም ነበር ለማለት ነው።

ያሳሳቱ ሰልፎች

አንዳንዱ ሰልፍ ደግሞ ጭራሹን የሚያሳስት ነው። የሴጋ ኩባንያ ድሪምካስት በጃፓን ኖቬምበር 27 ቀን 1998 ሲወጣ ወዲያው አለቀ። ያለቀበት ዋነኛ ምክንያት የምስል ቺፑ በተፈለገው መጠን አለመመረቱ ነበር። ሴጋ በማርች 2001 ምርቱን አቆመ፤ በጠቅላላው የተሸጠው 9 ሚሊዮን ያህል ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ኮንሶል መሥራት ትቶ ለሌሎች ማሽኖች ጌም ወደ መሥራት ገባ።

የኒንቴንዶ ዊ ዩም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በኖቬምበር 2012 በአሜሪካ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠ፣ ሱቆች የገባላቸውን ጨረሱ ተባለ። ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 ባሉት ሦስት ወራት ግን በመላው ዓለም የተሸጠው 160 ሺህ ብቻ ነበር። በአንድ አገር በአንድ ሳምንት ከተሸጠው በዓለም ዙሪያ በሦስት ወር የተሸጠው አነሰ! ጠቅላላ ሽያጩም 13.6 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ታዲያ የመጀመሪያውን ሳምንት እያዩ «ይህ ማሽን ይሄድልናል» ብለው ለእርሱ ጌም ለመሥራት ገንዘብ ያፈሰሱ ድርጅቶች የሰልፍን ትርጉም በውድ ዋጋ ነው የተማሩት።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ «እጥረት ያለበት ሁሉ ተወዳጅ አይደለም» ማለትም ስሕተት ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በኦክቶበር 2000 በአሜሪካ ሲወጣ ሶኒ በመለዋወጫ ክፍሎች እጥረት የተነሳ ለመክፈቻው ያቀደውን 1 ሚሊዮን ወደ 500 ሺህ ዝቅ አድርጎ ነበር። ሰልፉን ያረዘመው በከፊል ይህ ነው። ያም ሆኖ ማሽኑ ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በታሪክ አንደኛ ሆኗል። የድሪምካስትም የፕሌይስቴሽን 2ም ሰልፍ የተነሳው ከክፍል እጥረት ነው፤ መጨረሻቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ለምን ዋጋ አይጨምሩም?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም። ፈላጊው ከበዛ ዋጋ ተጨምሮ ገበያው ለምን ወደ ሚዛኑ አይመለስም? ካነሜን፣ ክኔች እና ቴለር በ1986 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሱቅ 15 ዶላር ይሸጠው የነበረውን የበረዶ መዛቂያ አካፋ ከከባድ በረዶ ማግስት 20 ዶላር ቢያደርገው ተገቢ ነው ወይ ብለው ጠይቀው፣ ከተጠያቂዎቹ 82 በመቶው ተገቢ አይደለም ብለዋል። ኮንሶል ሻጭም ይህንን ቅያሜ ይፈራል። በተጨማሪ ኮንሶል አምራቹ ዋናውን ትርፍ የሚጠብቀው ከማሽኑ ሳይሆን በኋላ ከሚሸጠው ጌም ስለሆነ በውድ ዋጋ ጥቂት ገዢ ከማግኘት ብዙ ቤት መግባትን ይመርጣል።

ጋሪ ቤከር ደግሞ በ1991 ሌላ መልስ ሰጥቷል። በካሊፎርኒያ አንድ የባሕር ምግብ ቤት ሁልጊዜ ሰልፍ አለው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ተመሳሳይ ቤት ደግሞ ባዶ ወንበር ሞልቶታል። ባለ ሰልፉ ለምን ዋጋ አይጨምርም? የቤከር መልስ የአንድ ሰው ፍላጎት በሌሎች ሰዎች ፍላጎት ላይ ስለሚመሠረት ነው የሚል ነው። ሰው ሰው ያለበትን ይወዳል። ስለዚህ ሰልፍ የተፈላጊነት ውጤት ብቻ ሳይሆን መነሻም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ «ሆን ተብሎ ነው» የሚለውን ክርክር ያጠናክረዋል ወይ? በከፊል አዎ። ኒንቴንዶ በዊ ጊዜ ይህ ክስ ቀርቦበት አስተባብሏል፤ ማስተባበሉም አሳማኝ ነው። ከገና በፊት ባዶ እጁን የተመለሰ ገዢ ጌምም አይገዛም፣ ምናልባትም ወደ ተፎካካሪው ይሄዳል። በሌላ በኩል ግን ይኸው ኩባንያ በኖቬምበር 2016 ያወጣውን ትንሹን ኤንኢኤስ ክላሲክ 2.3 ሚሊዮን ያህል ከሸጠ በኋላ ፈላጊ ሞልቶ ሳለ በኤፕሪል 2017 ማምረቱን አቁሞ፣ በ2018 መልሶ አምጥቶታል። በጥቅሉ ሲታይ አምራች ሁልጊዜ ከሁለት ኪሳራ መካከል ነው፤ ያነሰ ቢያመርት ገዢ ይከፋዋል፣ ያበዛ እንደሆነ መጋዘን ውስጥ ይቀርበታል። መጀመሪያ ላይ ጠንቀቅ ቢል አይገርምም።

ሰልፉ ኢንተርኔት ውስጥ ሲገባ

ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በኖቬምበር 2020 ሲወጡ ወረርሽኙና የዓለም የቺፕ እጥረት አንድ ላይ ገጠማቸው። ሰልፉም ከጎዳና ወደ ኢንተርኔት ዞረ። በጎዳና ላይ አንድ ሰው አንድ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ኢንተርኔት ላይ ግን አንድ ነጋዴ በሶፍትዌር ታግዞ የብዙ ሰው ወረፋ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰልፈኛ መቁጠር ተጫዋች መቁጠር መሆኑ ቀረ። የፕሌይስቴሽን 5 እጥረት እስከ 2023 መግቢያ ድረስ ቆየ። ቺፑ መገኘት ሲጀምር ሽያጩ ጨምሮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 50 ሚሊዮን ደረሰ። ለካ ፍላጎቱ እውነተኛ ነበር፤ የታወቀው ግን ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው።

ስዊች 2 በጁን 2025 ሲወጣ ኒንቴንዶ የተለየ ዘዴ ተጠቀመ። በጃፓን በራሱ የኢንተርኔት ሱቅ በኩል ሽያጩን በዕጣ አደረገ። ለዕጣው ለመመዝገብ በቀድሞው ስዊች ቢያንስ 50 ሰዓት የተጫወተና ለአንድ ዓመት የኢንተርኔት አገልግሎቱ አባል የነበረ መሆን ያስፈልግ ነበር። 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። ይህ ቁጥር ነጋዴው የተቀነሰለት፣ በዚያ ሱቅ በኩል የመጣ የተጫዋቾች ፍላጎት ነው፤ ከሰልፍ ፎቶግራፍ እጅግ የተሻለ ማስረጃ ነው። ማሽኑም በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በዓለም ዙሪያ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

«ዕቃው አልቋል» የሚል ዜና ስንሰማ አራት ነገር ብንጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፣ መጀመሪያ የቀረበው ስንት ነበር? ሁለተኛ፣ አቅርቦቱ ሲጨምር እጥረቱ ቀጠለ ወይስ ጠፋ? ሦስተኛ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥበት ዋጋ ለወራት ከፍ እንዳለ ቆየ ወይስ ወዲያው ወረደ? አራተኛ፣ የገዙት ሰዎች ጌም እየገዙ ይጫወቱበታል ወይ? ሰልፉ ብቻውን ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አይሰጥም።

ነገሩ የጨዋታ ዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ፊት ለስኳር የተሰለፈ ሕዝብ ያየ ሰው «ስኳር ተወዳጅ ሆነ» አይልም፣ «ስኳር ጠፋ» ነው የሚለው። እዚያ በቀላሉ የሚገባንን ነገር ዕቃው አዲስና አብረቅራቂ ሲሆን እንረሳዋለን። በተለይ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከየሱቁ የሽያጭ መረጃ የምንሰበስብ ተማሪዎች «ስንት ሸጣችሁ?» ብለን ብቻ ባንመለስ ጥሩ ነው። «ከወሩ ውስጥ ስንት ቀን ዕቃ አልነበራችሁም?» የሚል አንድ ጥያቄ ብንጨምር የምንጽፈው ስለ ፍላጎት ይሆናል፤ አለበለዚያ ስለ አቅርቦት ጽፈን ፍላጎት ብለን ልንሰይመው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፕሌይስቴሽን ቤቱ ደጃፍ አለፍኩ። የተበላሸው ማሽን ተጠግኗል። ደጅ ላይ የቆመ ልጅ አልነበረም፤ ባለቤቱ ግን ከሩቅ እየሳቀ ነው ሰላም ያለኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ በደስታ አነባለሁ።