ሌዘርና ኪንታሮት፦ ምን እንጠብቅ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በስደት ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካውና ስለ ታሪኩ ስንከራከር ሌሊቱ ይነጋብናል። ከወገብ በታች ያለ ሕመም ሲነሳ ግን አንገታችንን እንደፋለን። ታክሲ ስንነዳ ወይም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ስንውል ብዙዎቻችን ኪንታሮትን ተዋውቀነዋል፤ ስሙን ግን ደፍሮ የሚጠራው የለም። በዚህ ዝምታ መካከል ነው እንግዲህ ሌዘር ያለ አንዳች ሕመም በደቂቃዎች ያድናል የሚለው ወሬ የሚደርሰን።

እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት በዚሁ ሕክምና አልፌአለሁ። ከመግባቴም በፊት፣ ሙያዬ ያስለመደኝ ነውና፣ የመሣሪያውን አሠራር አገላብጬ አጥንቼ ነበር። ስለዚህ የተረዳሁትን ለወገኖቼ ላካፍል።

በመጀመሪያ፣ ኪንታሮት ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም። ማንኛውም ጤነኛ ሰው በፊንጢጣው መውጫ ላይ ደም ሥር የበዛባቸው ለስላሳ ትራሶች አሉት፤ መውጫው አጥብቆ እንዲዘጋ ያግዛሉ። እነዚህ ትራሶች ሲያብጡና ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው በሽታ የሚሆኑት። ሐኪሞች የውስጡን ኪንታሮት በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። 1ኛው ይደማል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም፤ 2ኛው ሲያምጡ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል፤ 3ኛው በጣት ካልገፉት አይመለስም፤ 4ኛው ቢገፉትም አይመለስም።

ለመሆኑ ሌዘሩ ምን ያደርጋል? ቃሉ አንድ ሕክምና ብቻ አያመለክትም። ሌዘርን እንደ ቢላዋ ተጠቅሞ ኪንታሮቱን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ በብርሃን የተቆረጠም ቢሆን ቁስል ቁስል ነው። ዛሬ በብዛት የሚወራለት ግን ሌላው ነው፦ ቀጭን ክር ወደ ኪንታሮቱ ውስጥ አስገብቶ ሳይቆርጡ ከውስጥ ማኮማተር። ስለዚህ ሐኪሙን «ሌዘር አለህ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «በሌዘሩ ምን ታደርግበታለህ?» ማለቱ ይሻላል።

በዚህ በሁለተኛው ዘዴ ሐኪሙ ከፊንጢጣው አፍ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ክሩን ከቆዳው ሥር አሳልፎ ወደ ኪንታሮቱ ያደርሰዋል። በብዛት የሚሠራበት በዓይን የማይታይ፣ የሞገዱ ርዝመት 1470 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን ነው። ይህን ሞገድ ውኃ አጥብቆ ይውጠዋል፤ ሥጋችን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ብርሃኑ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። መሣሪያው በ8 ዋት ኃይል ለ3 ሴኮንድ ቢተኮስ 24 ጁል ይሰጣል፤ 10 ጊዜ ቢደጋገም 240 ጁል ይሆናል። ይህ 70 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የቡና ሲኒ ውኃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አያሞቅም! ምሥጢሩ ያን ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ ማከማቸቱ ነው። ደሙ ይረጋል፣ ሥጋው ይኮማተራል፣ የሚፈጠረው ጠባሳም ትራሱን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር ያጣብቀዋል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ያንኑ ጡንቻ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከመሣሪያው ዘመናዊነት ይልቅ የሐኪሙ ልምድ ይበልጣል።

ሕክምናው በማደንዘዣ የሚሰጥ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ መኪና የሚነዳልዎ ሰው ግን ያስፈልጋል። በሙቀት የተመታ ሥጋ ከመኮማተሩ በፊት ያብጣል። በእኔም በ3ኛው ቀን ከቀድሞው ይበልጥ አብጦ ነበር፤ አስቀድሞ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም። ጥቂት ደምና ፈሳሽ ለተወሰኑ ቀናት ይታያል። በ6ኛው ቀን ቢሮ ገባሁ፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ግን ሳምንታት ፈጀ። ትኩሳት፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ደም ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሕመም ጨርሶ የለውም የሚለው ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሊጋንና ሞርጋን ካስተዋወቁት ቆርጦ የማውጣት ዘዴ ያነሰ ያማል የሚለው ግን እውነት ነው። ለዚህም የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ኪንታሮቱ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ተቆርጦ ከወጣው ይበልጣል። ሌዘሩ በተለይ ለ2ኛና ለ3ኛ ደረጃ ይስማማል። ለ4ኛው ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ለቀላሉ ደግሞ ሥሩን በላስቲክ ቀለበት ማሰር ሊበቃ ይችላል። ከዚያ በኋላ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ጎመኑን፣ ሽሮውንና ምስሩን አለመተው፣ ሽንት ቤት ስልክ ይዞ አለመቀመጥ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ለሌዘሩ የከፈለውን ገንዘብ እንደ ጣለ ይቁጠረው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ደም ያየ ሰው ሁሉ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ደም ያሳያል። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምናን የሚመረምረው ብሔራዊ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ምርመራው የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርጎታል። ይህም ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው፤ ደም የሚያይ ሰው ዕድሜ አይጠብቅም። ሳይመረመሩ ሌዘር የሚተኩስ ቤት ቢያጋጥምዎ ጫማዎን አድርገው ይውጡ።

በመጨረሻም፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ሕመም በልጃቸው አስተርጓሚነት አይናገሩትም፤ ይዘውት ይቀመጣሉ እንጂ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስንይዝላቸው ይህን አብረን እንጠይቅላቸው፤ እኛም ከክፍሉ ወጣ እንበልላቸው። ዝምታው ከኪንታሮቱ የከፋ ጉዳት ሳያደርስ እንነጋገር እላለሁ።

ቸር ያሰማን!