ጌሾ

ጌሾ (ሳይንሳዊ ስም፦ ራምኑስ ፕሪኖይደስ) ከኤርትራና ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በብዙ የአፍሪካ አገራት በዱር የሚበቅል ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ቅጠሉና እንጨቱ ጠላና ጠጅ ለማዘጋጀት ስለሚውል ከዱር ከመለቀሙ ሌላ በጓሮም ይተከላል። ጠጅን የሚያሰክረው ጌሾው ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አልኮሉ የሚገኘው ከማሩ ስኳር ነው። የጌሾ ሥራ ለመጠጡ ምሬት መስጠትና ቶሎ እንዳይበላሽ ማገዝ ነው።

የተክሉ ባሕርይ

ጌሾ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፤ በተመቸው ቦታ እስከ 6 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። የቅጠሉ ላይኛ ገጽ ጥቁር አረንጓዴና ቅባት እንደተቀባ የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ታችኛው ገጽ ፈዘዝ ያለና ደም ሥሮቹ ጎላ ብለው የሚታዩበት ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ደቃቅ ጥርስ አለው። አበባዎቹ ትንንሽና አረንጓዴ መሰል ናቸው፤ ንቦችም ይቀስሟቸዋል። ፍሬው የአተር መጠን ያለው ክብ ሲሆን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል።

ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲየ በ1789 እ.ኤ.አ. ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፍሪካንስ ቋንቋ «ብሊንክብላር» ይባላል፤ ትርጉሙም የሚያብረቀርቅ ቅጠል ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ተክሉ ቤትንና ሰብልን ከመብረቅና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል።

የሚገኝበት ቦታና አለቃቀሙ

በኢትዮጵያ ጌሾ በአብዛኛው በወይና ደጋና በደጋ፣ በደን ዳርቻ፣ በወንዝ ዳርና በቁጥቋጦ መካከል ይገኛል። ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ዘሩን ያሰራጩታል። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ከቡና ጋር በጌሾውም የታወቀ ነው። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ በመሆኑ፣ ነዋሪው በደን ጥላ ሥር ከሚገኙት ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ገቢ ያገኛል።

ከዱር የሚለቅም ሰው ጌሾን ከቅርብ ዘመዱ ከጸዶ (ራምኑስ ስታዶ) መለየት ይኖርበታል። የጸዶ ቅጠል አነስ ያለ ነው፤ የቅርንጫፎቹም ጫፍ ብዙ ጊዜ እሾህ ይሆናል። ጌሾ ግን እሾህ የለውም። ጸዶም በአንዳንድ አካባቢዎች መጠጥ ለማምረር ያገለግላል።

ተክሉን ሳይጎዱ ለመልቀም ቀንበጦቹ ከነቅጠላቸው ይቆረጣሉ፤ ሥሩና የግንዱ ልጥ አይነካም። ጌሾ ሲገረዝ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ በአግባቡ የተለቀመ ተክል ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። የተለቀመው በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ቅጠሉና እንጨቱ ይለያያሉ። ቅጠሉ ተወቅጦ በተለይ ለጠላ፣ ተቆራርጦ የተሰነጠቀው እንጨት ደግሞ በተለይ ለጠጅ ይውላል። የደረቀ ጌሾ በገበያ ይሸጣል፤ በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ሸቀጥ መደብሮችም ይገኛል።

ጌሾ በመጠጥ ውስጥ ያለው ሥራ

ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጡት እርሾ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። ይህ ሂደት መብላላት ይባላል። በባህላዊ ጠጅ ውስጥ እርሾ ለብቻው አይጨመርም፤ ከማሩ፣ ከዕቃው፣ ከአየሩና ካልተቀቀለ ጌሾ ይመጣል። ከእርሾው ጎን ለጎን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ይራባሉ፤ የጠጅን መጠነኛ ኮምጣጣነት የሚያመጡት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

የጌሾ ምሬት የሚመጣው በተክሉ ውስጥ ካሉ ውሑዶች ነው። ከነዚህ አንዱ ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣው ጌሾይዲን ሲሆን ስሙም ከጌሾ የተወሰደ ነው። በቤተ ሙከራ የተክሉ ጭማቂ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት ሲገታ ታይቷል። በዚህ ረገድ ጌሾ በቢራ ውስጥ ካለው ሆፕ ጋር ተመሳሳይ ሥራ አለው፤ ሁለቱ ተክሎች ግን በአንድ ቤተሰብ አይመደቡም። ማር ያለ ጌሾም ተብላልቶ ያሰክራል፤ የሚጎድለው የጠጅ ምሬትና ጠረን ነው።

የቤት ጠጅ አጣጣል

አጣጣሉ እንደ አካባቢውና እንደ ቤቱ ይለያያል። በብዛት የሚታወቀው አካሄድ የሚከተለው ነው፦

1. እንስራው ወይም ጋኑ በደንብ ታጥቦ በወይራና በጌሾ እንጨት ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ለጠጁ የራሱን ጠረን ይሰጠዋል።
2. አንድ እጅ ማር ከ2 እስከ 5 እጅ በሚሆን ውሃ ይበረዛል። ዕቃው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይቀመጣል።
3. ከላይ የሚንሳፈፈው ሰምና ሰፈፍ ይወገዳል።
4. ከብርዙ ጥቂቱ ተቀንሶ ከታጠበ ጌሾ ጋር ይቀቀላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከነጌሾው ወደ ዋናው ይመለሳል።
5. በየቀኑ እየተማሰለ ይቆያል። በሞቃት አየር 5 ቀን ያህል ሊበቃው ይችላል፤ በቀዝቃዛ አየር ከ15 እስከ 20 ቀን ይወስዳል።
6. ምሬቱ ሲበቃ ጌሾው ይወጣል፤ ጠጁም በጨርቅ ይጠለላል። ጌሾው ብዙ ከቆየ ምሬቱ የማሩን ጣዕም ይሸፍነዋል።

ማር ሳይበረዝ የማይብላላው ውሃው አነስተኛ ስለሆነ ነው። በደንብ የበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ በታች ስለሚሆን እርሾ ሊራባ አይችልም። ሲበረዝ ግን ወዲያው ይነሣሣል። ስለዚህ አልኮል የለውም ተብሎ ለልጆችና ለማይጠጡ ሰዎች የሚቀርብ ብርዝ፣ በሞቃት ቦታ ከዋለና ካደረ መብላላት ይጀምራል፤ ያልኮሉም መጠን በየሰዓቱ ይጨምራል። ብርዝ በተበረዘበት ዕለት የሚጠጣ ነው።

የጠጅ ብርታት

የጠጅ አልኮል ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይሆናል፤ ከቤት ቤት ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡም 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር አለ። በ5 ሊትር ውሃ ሲበረዝ በእያንዳንዱ ሊትር 185 ግራም ያህል ስኳር ይደርሳል። 1 በመቶ አልኮል ለማግኘት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚያስፈልግ፣ ስኳሩ ሁሉ ቢለወጥ ብርታቱ 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ3 ሊትር ውሃ ብቻ ቢበረዝ ግን ስሌቱ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። እርሾው አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩን ሳይጨርስ ስለሚደክም ወይም ጠጁ ቀድሞ ስለሚጠጣ፣ ያልተለወጠው ስኳር ጣፋጭነት ሆኖ ይቀራል። ጠጅ በቆየ ቁጥር ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ብርታቱ ይጨምራል፤ እንዲህ ያለው ደረቅ ጠጅ ይባላል። ጣፋጭ ጠጅ የዋህ ቢመስልም ጣፋጭነቱ ስለ አልኮሉ መጠን አይናገርም።

ጥንቃቄ

- በትክክል ያልታወቀ ተክል በጌሾ ምትክ አይጨመርም። ከመኪና መንገድ ዳርና ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ አጠገብም አይለቀምም።
- የሻገተ ጌሾ ይጣላል፤ መቀቀል የሻጋታን መርዝ ሁሉ አያጠፋም።
- በመብላላት ላይ ያለ ጠጅ በጠርሙስ ታፍኖ አይዘጋም። የሚወጣው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።
- ብዙ ሰው የሚፈራው ሜታኖል በዋናነት የሚመጣው ፔክቲን ከሚባለው የፍራፍሬ ንጥረ ነገር ነው። በማር ውስጥ ፔክቲን እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት የማር ጠጅ በዚህ በኩል አያሰጋም። አደጋው ያለው ምንጩ ያልታወቀ አልኮል በተቀላቀለበት መጠጥ ነው።
- ማር ውድ በመሆኑ አንዳንድ ሻጮች ከፊሉን በስኳር ይተካሉ፤ ቢጫ ቀለምም ይጨምራሉ። ስኳርም እንደ ማር ስለሚብላላ ልዩነቱ በስካሩ አይታወቅም፤ የሚለየው በጣዕሙና በጠረኑ ነው።

ታሪክ

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን፣ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ፓሊዩሩስ ከሚባል ተክል የተዘጋጀ መጠጥ እንደሚጠጡ፣ ገዢዎቻቸው ግን ማርና ውሃ እንደሚጠጡ ጽፏል። ዛሬ በዕፅዋት ሳይንስ ፓሊዩሩስ የሚባሉት ተክሎች ከጌሾ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባሉ። ስትራቦን የጠቀሰው ልዩነት በኋለኛው ዘመን በኢትዮጵያም ይታይ ነበር፤ ጠላ የሁሉ ሰው መጠጥ ሲሆን ጠጅ በተለይ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በሚደረገው ግብር ጠጅ በብዛት ይቀርብ ነበር። ዛሬ ጠጅ በሠርግና በበዓል ቀን በየቤቱ ይጣላል፤ በጠጅ ቤቶችም በብርሌ ይቀርባል።

ሌሎች ጥቅሞች

በባህል ሕክምና የጌሾ ቅጠል ለቶንሲል ሕመም ያገለግላል። ተክሉ እንደ ሌሎች ዘመዶቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ውሑዶች ስላሉት በብዛት መውሰድ ይጎዳል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለሆነም ለአጥር ይተከላል።