የወባ ምርመራና ሕክምና ከፕሮቲን ቅርጽ ጋር ያለው ግንኙነት

ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ኬላ ሲሄድ ባለሙያዋ ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን የወባ መመርመሪያ ላይ ታደርጋለች። ውጤቱም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል። የወባው መስመር ካልታየ ታካሚው ወባ እንደሌለበት ይነገረዋል። ይሁን እንጂ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ በደሙ ውስጥ እያለ መስመሩ ሳይታይ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። ይህ ለምን እንደሚሆንና ሳይንስ ምን መፍትሔ እንዳቀረበ ለመረዳት ተሕዋሱ የተሠራባቸውን ፕሮቲኖች ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል።

በጉለሌ የተመራው ጥናት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መነሻው የቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ አካባቢው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እየተባለ ይጠራል። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ የዳሰሳ ጥናት አካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በጥናቱ አካባቢዎች ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ሳያገኝ ሊያልፍ እንደሚችል ተገምቷል።

ኤችአርፒ2 ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ ደጋግሞ የሚገኝበት ፕሮቲን ነው። በመመርመሪያው ላይ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት በብዙ ቦታ ሊይዙት ስለሚችሉ ምርመራው ጥቂት ተሕዋስ እንኳ ሲኖር ለመለየት ያስችላል። ችግሩ ተሕዋሱ ያለዚህ ፕሮቲን መኖር መቻሉ ነው። ፕሮቲኑን የሚያዘው ዘረ-መል የጠፋበት ተሕዋስ ሰውን ያሳምማል፤ በምርመራው ግን አይታይም። ሳይታይ ያለፈውም ሳይታከም ይቀራል፤ በትንኝም አማካኝነት ወደ ሌሎች ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያልፉ ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ ሀገራት መመርመሪያቸውን እንዲቀይሩ ይመክራል።

የፕሮቲን ቅርጽ በምን ይታያል?

ፕሮቲን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ቅርጹን ለማወቅ በዋናነት በሁለት ዘዴዎች መጠቀም ይቻላል። የመጀመሪያው ፕሮቲኑን ወደ ክሪስታል በመለወጥ ኤክስሬይ ማሳለፍና ጨረሩ ከተበተነበት ሁኔታ የአተሞቹን አቀማመጥ ማስላት ነው።

ሁለተኛው በቅዝቃዜ የሚሠራ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ለዘዴው መፈጠር ምክንያት የሆኑ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በዚህ ዘዴ ፕሮቲኑ ያለበት ስስ የውኃ ሽፋን ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ በቅጽበት ይነከራል። ውኃው በረዶ ለመሥራት ጊዜ ስለማያገኝ እንደ መስታወት ይረጋል፤ ፕሮቲኑም ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ከዚያም በተለያየ አቅጣጫ የተቀመጡ በርካታ ሺህ ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ጨረር ይነሣሉ። ጀበናን ከጡቱ፣ ከእጀታውና ከላይ ያነሣ ሰው ምስሎቹን አገናዝቦ ሙሉ ቅርጹን እንደሚረዳ ሁሉ፣ ኮምፒውተርም ምስሎቹን አቀናጅቶ የፕሮቲኑን ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ ያወጣል።

ቅርጹ ምን አስተማረ?

ተሕዋሱ ከስኳር ኃይል የሚያገኘው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በኤክስሬይ የታወቀው ቅርጹ፣ ሥራውን በሚያከናውንበት ስፍራ አጠገብ በሰው ኢንዛይም ላይ የሌሉ አምስት ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች እንዳሉት አሳይቷል። ኢንዛይሙ ለሕልውናው ወሳኝ በመሆኑ ተሕዋሱ እንደ ኤችአርፒ2 በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። በዚህም ምክንያት ለአማራጭ መመርመሪያዎች ዒላማ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ክሎሮኪን ነው። ኢትዮጵያ በመድኃኒት መላመድ ምክንያት ክሎሮኪንን ለፋልሲፓረም ወባ መጠቀም ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። መድኃኒቱን ተሕዋሱ ምግቡን ከሚፈጭበት ክፍል ጠርጎ የሚያስወጣው ፕሮቲን ቅርጽ በቀዝቃዛው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለመላመድ ምክንያት የሆኑት ለውጦች በፕሮቲኑ መሐል ባለው ክፍተት ዙሪያ ተሰልፈው ተገኝተዋል።

ሦስተኛው ዛሬ በቅርብ ክትትል ላይ ያለ ጉዳይ ነው። በዚያው የዳሰሳ ጥናት ከተሰበሰቡ ናሙናዎች በ609 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የዘረ-መል ንባብ፣ 8.0 በመቶ የሚሆኑት የወባ ሕመሞች ኬልች13 በተባለው ፕሮቲን ላይ 622ኛው አሚኖ አሲድ በተለወጠበት ተሕዋስ የመጡ መሆናቸውን አመልክቷል። ለውጡ አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል ማለት ሳይሆን፣ ተሕዋሱ ከደም የሚጸዳበት ጊዜ ሊዘገይ ይችላል ማለት ነው። ለውጡ የደረሰበት የፕሮቲኑ ክፍል ስድስት ክንፎች ያሉት የማራገቢያ ቅርጽ አለው።

የናሙናና የምስል ትስስር

የዘረ-መል ንባብ የትኛው ፊደል እንደተለወጠ፣ የት አካባቢና በምን ያህል ሕሙማን ላይ እንደሚገኝ ይነግረናል። የቅርጽ ጥናት ደግሞ ለውጡ በፕሮቲኑ ላይ የት እንደሚያርፍና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል። አንዱ ያለ ሌላው ምሉዕ አይሆንም። የምስል መሣሪያዎቹ እጅግ ውድ በመሆናቸው በአፍሪካ የሚገኙት ጥቂት ሲሆኑ፣ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው ማዕከል ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የታወቁት ቅርጾች እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋቋመውና ለሁሉም ክፍት በሆነው የፕሮቲን መረጃ ቋት ስለሚቀመጡ፣ በጉለሌ ያለ ተመራማሪም በናሙናው ያገኘውን ለውጥ በዚያው ቅርጽ ላይ መመልከት ይችላል። ከገጠር ጤና ጣቢያ በጥንቃቄ የተወሰደ ናሙና የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

ሕብረተሰቡ ማድረግ የሚገባው

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ሲሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤
• የፈጣን ምርመራው ውጤት ወባ እንደሌለ ቢያሳይም ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሶ መታየትና የማይክሮስኮፕ ምርመራ ስለሚደረግበት ሁኔታ ባለሙያን መጠየቅ፤
• የታዘዘን መድኃኒት ሕመሙ ቢሻልም እስከ መጨረሻው መውሰድ፣ ለሌላ ሰውም አለማካፈል፤
• ለጥናት የደም ናሙና ሲጠየቁ ዓላማውን ተረድቶ በፈቃደኝነት መተባበር።