የመኝታ ቁስል

አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። አንድ ቀን ጧት በድንገት ወደቁ። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ አደረስናቸው። ከዚያ ሆስፒታል ገቡ።

እኛ የሰፈሩ ሰዎች ተራ ገብተን አስታመምናቸው። ይረፉ ብለን አንነካቸውም ነበር። አራት ቀን በጀርባቸው ተኙ። ግማሽ ጎናቸው ስለደነዘዘ እሳቸውም አመመኝ አላሉም። በአምስተኛው ቀን ነርሷ ልታጥባቸው ወደ ጎን ገለበጠቻቸው። ከመቀመጫቸው በላይ ቆዳው ጠቁሮ ተልጧል። አፈርን።

«ቆሻሻ ነው ወይ ያመጣው?» ብለን ጠየቅናት።

«የገዛ ክብደታቸው ነው» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳና ሥጋ የሚኖሩት በደም ነው። ሰው ሳይገላበጥ ሲተኛ ሥጋው በአጥንቱና በአልጋው መካከል ይጨፈለቃል። ደሙ አያልፍም። ቦዩ በድንጋይ ሲደፈን ከታች ያለው ጎመን ይጠወልግ የለም? ሥጋውም እንደዚያው ይሞታል። አንዳንዴ ከላይ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ከውስጥ ግን እንደ አይጥ ጉድጓድ ይሰፋል። ቁስሉ የሚወጣው አጥንት ቆዳን በሚነካበት ቦታ ነው። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርንና የጀርባ አጥንት መጨረሻ ዋናዎቹ ናቸው።

ባክቴሪያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ሁልጊዜ ይኖራል። አንዱ ስታፊሎኮከስ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ ግን ፊደል ለቆጠረ ሰው አይከብድም። ስ-ታ-ፊ-ሎ-ኮ-ከ-ስ። ቆዳ አጥር ስለሆነ ከውጭ ያቆየዋል። አጥሩ ሲፈርስ ግን ይገባል። ቁስሉ ይመግላል፤ ይሸታል። ወደ አጥንትና ወደ ደም ከዘለቀ ሰው ይገድላል። ሽንትና ሰገራ ቆዳውን ካራሱት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አስታማሚ በሽተኛውን ከመንካቱ በፊትም በኋላም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ነርሷ ብዙ ነገር አሳየችን። በሽተኛው ሲገለበጥ አይጎተትም፤ ቆዳው ይላጣል። ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላው ማንሳት ነው። ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረጋል። ወገቡ ወይም አንገቱ የተሰበረ ሰው ግን ነርስ ሳታሳይ አይገለበጥም።

ቁስሉ ሲጀምር ቆዳው ይቀላል ይባላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ አይታይም። ስለዚህ መዳሰስ ያስፈልጋል። ቦታው ከሌላው ይልቅ ከሞቀ፣ ከጠጠረ ወይም ካመመው ጀምሯል ማለት ነው። እኛ ቅቤ ቀብተን ማሸት እንወዳለን። እዚህ ላይ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳል። አመድና ቅጠልም አይደረግበትም። እንቁላል፣ ወተትና ሽሮ ቢበላ ግን ሥጋው ቶሎ ይሞላል።

ከዚያ ነርሷ ወረቀት ጽፋ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለች። «2 ሰዓት በግራ። 4 ሰዓት በቀኝ። 6 ሰዓት በግራ።» እንዲህ እያለ ሌሊቱንም ይቀጥላል። ቁስሉ እስኪድን በጀርባ መተኛት ቀረ። ማንበብ የምንችለው ለማይችሉት እያነበብን ምልክት አደረግንበት።

ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ያሸንፈን ነበር። በኋላ አዛውንቱ ራሳቸው «ልጆች፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ገልብጡኝ» እያሉ ይቀሰቅሱን ጀመር። ቁስሉ ለመግጠም አራት ወር ፈጀ።