ፊርማ አገር ይሸጣል? ስለ ንግድ ስምምነቶች ተረትና እውነታ

በ1988 የካናዳ ምርጫ ሰሞን ሊበራል ፓርቲ አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለቀቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ተደራዳሪዎች፣ አንዱ አሜሪካዊ ሌላው ካናዳዊ፣ የሰሜን አሜሪካን ካርታ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አሜሪካዊው አንዲት መስመር ብቻ እንድትነሳለት ይጠይቃል። የትኛዋን ቢሉት፣ ላጲስ አንስቶ ሁለቱን አገሮች የሚለየውን ድንበር ይፍቅ ጀመር። ገዢዎቹ ወግ አጥባቂዎችም ዝም አላሉም፤ ድንበሩ መልሶ ሲሰመር የሚያሳይ የራሳቸውን ማስታወቂያ ለቀቁ።

ያን ሁሉ ያስነሳው ካናዳና አሜሪካ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የፈረሙት የነፃ ንግድ ስምምነት ነው። ድንበሩ ዛሬም በቦታው አለ፤ ክርክሩም እንዲሁ። ከ2003 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስትጠይቅ በቆየችው በኢትዮጵያም ነገሩ በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን «አገር ሊሸጥ ነው» ይላል፤ ሌላው ከአባልነት በኋላ ማርና ወተት የሚፈስ ያስመስለዋል። ሁለቱም ስምምነቶቹ በተግባር እንዴት እንደሚሠሩ ብዙም አይነግሩንም። የንግድ ስምምነት የመንግሥትን ሥልጣን አይነጥቅም፤ በዚያ ሥልጣን መጠቀም ግን ዋጋ እንዲያስከፍል ያደርጋል። የዋጋው ክብደት ደግሞ እንደ አገሩ አቅም ይለያያል። ይህን ይዘን በተደጋጋሚ የሚነገሩትን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ አንዴ ከተፈረመ መውጫ የለም

እውነታው፦ መውጫው በስምምነቱ ውስጥ ተጽፏል። ከዓለም ንግድ ድርጅት መውጣት የሚፈልግ አባል በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በስድስት ወሩ ይለቀቃል። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የገቡበት ናፍታም የመውጫ ጊዜው ስድስት ወር ነበር። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ጠበቅ ይላል፤ አባሉ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ማስታወቂያ ይሰጣል፣ መውጣቱ የሚጸናውም ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ብሪታንያ ከነዚህ ሁሉ እጅግ ጥብቅ ከሆነው ከአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2020 ወጥታለች።

መውጣትን ከባድ የሚያደርገው በስምምነቱ ላይ የተገነባው ኑሮ ነው። በሰሜን አሜሪካ አንድ የመኪና ክፍል ተገጣጥሞ ከማለቁ በፊት ድንበር ደጋግሞ ይሻገራል። ዶናልድ ትራምፕ ናፍታን ከመጥፎዎች ሁሉ የከፋ ሲሉ ከርመው፣ ለመውጣትም ዝተው፣ በመጨረሻ ያደረጉት እንደገና መደራደር ነበር። አዲሱ ስምምነት በ2018 ተፈርሞ በሐምሌ 2020 ሥራ ላይ ዋለ። በሕግ በሩ ክፍት ነበር፤ ያገዳቸው የፋብሪካውና የገበሬው ጥቅም ነው።

ተረት 2፦ ጄኔቫ የተቀመጡ ዳኞች የአገርን ሕግ ይሽራሉ

እውነታው፦ የዓለም ንግድ ድርጅት የክርክር ጉባኤ የማንንም አገር አዋጅ መሻር አይችልም። የሚችለው ሕጉ ከገባችሁት ቃል ጋር ይጋጫል ብሎ መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ተሸናፊው ሕጉን ያሻሽላል፣ ካሳ ይደራደራል ወይም የአጸፋ ቀረጡን ይሸከማል።

አውሮፓ ሦስተኛውን መርጣለች። በሆርሞን ያደገ ከብት ሥጋ እንዳይገባ ያወጣችው እገዳ በ1998 ተረታ፤ እገዳውን ግን አላነሳችም። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካ በዓመት 116.8 ሚሊዮን ዶላር፣ ካናዳም 11.3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የሚያህል የአጸፋ ቀረጥ በአውሮፓ ሸቀጦች ላይ እንዲጥሉ ተፈቀደላቸው። አውሮፓ የሕዝቧን ፍላጎት በገንዘብ አስከበረች ማለት ነው።

አሜሪካ ደግሞ የበሬና የአሳማ ሥጋ የመጣበት አገር በማሸጊያው ላይ ይጻፍ የሚል ሕግ ነበራት። ካናዳና ሜክሲኮ ከስሰው ረቱ፤ በታኅሣሥ 2015 በድምሩ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የአጸፋ ቀረጥ እንዲጥሉ ሲፈቀድላቸው የአሜሪካ ኮንግረስ ግዴታውን በዚያው ወር አነሳው። ድምፅ ሰጥቶ የሻረው ኮንግረሱ ራሱ ቢሆንም፣ ድምፁን የሰጠው ሒሳቡ ከፊቱ ተቀምጦ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የአቅምን ልዩነት ያሳያል። ከመቶ ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት አንቲጓና ባርቡዳ በኢንተርኔት ቁማር ጉዳይ አሜሪካን ከስሳ ረታች። በ2007 በዓመት 21 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል አጸፋ ተፈቀደላት። ትንሽ ደሴት በአሜሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ ብትጥል የምትጎዳው ራሷን ነውና ፍርዱ ለዓመታት በወረቀት ቀረ። ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ የዳኞችን ሹመት በማገዷ የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ሥራ አቁሟል፤ የተረታ አገር ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን አንጠልጥሎ መተው ይችላል። እንግዲህ ትንንሾቹን አገሮች ይበልጥ ሊያሳስባቸው የሚገባው የዳኞቹ ጉልበት ሳይሆን ጉልበት ማጣታቸው ነው።

ተረት 3፦ ኩባንያ መንግሥትን ስለሚከስ ጤናን የሚጠብቅ ሕግ ማውጣት ቀርቷል

እውነታው፦ ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ እውነት ያለበት ይሄ ነው፤ ሆኖም መለየት ያለበት ነገር አለ። በዓለም ንግድ ድርጅት የሚካሰሱት መንግሥታት ብቻ ናቸው። ኩባንያ መንግሥትን በግልግል ዳኝነት መክሰስ የሚችለው በኢንቨስትመንት ጥበቃ ውሎች ወይም በአንዳንድ የንግድ ስምምነቶች የኢንቨስትመንት ምዕራፍ ነው።

ካናዳ በ1997 ኤምኤምቲ የተባለ የቤንዚን ኬሚካል እንዳይገባና ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዳይሸጥ ስታግድ፣ ኤቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በናፍታ ከሰሳት። በዓመቱ እገዳውን አንስታ ወደ 13 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፈለች። ለእገዳው መነሳት ግን የአልበርታ ክፍለ ግዛት በአገር ውስጥ የንግድ ውል ከስሳ መርታቷም ድርሻ ነበረው። በሌላ በኩል ኡራጓይ የሲጋራ ፓኬት 80 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ስታዝ ፊሊፕ ሞሪስ ከስዊዘርላንድ ጋር ባላት የኢንቨስትመንት ውል ከሰሳት። በ2016 ኩባንያው ተረታ፤ ከኡራጓይ የክርክር ወጪም 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት።

ኡራጓይ አሸነፈች፤ ነገር ግን ለማሸነፍ ስድስት ዓመት ያህል ተከራክራለች። ይህን ያየ ሌላ ድሃ አገር ሕጉን ገና በረቂቁ ሊተወው ይችላል። ሀብታሞቹ እንኳ የመረራቸው ይመስላል፤ አሜሪካና ካናዳ በ2020ው ስምምነት በመካከላቸው ይህን ዓይነት ክስ አስቀርተዋል። ኢትዮጵያም ከበርካታ አገሮች ጋር የኢንቨስትመንት ጥበቃ ውል ተፈራርማለች። ስለ ሉዓላዊነት የሚቆረቆር ሰው ጄኔቫን ብቻ ሲጠብቅ እነዚህን ውሎች ማንበብ ባይረሳ ይበጀዋል።

ተረት 4፦ ነፃ ንግድን ቀኙ ይደግፋል፣ ግራው ይቃወማል

እውነታው፦ ፓርቲዎች በዚህ ጉዳይ ቦታ ሲለዋወጡ ኖረዋል። በ1911 ከአሜሪካ ጋር ቀረጥ እንቀንስ ያሉት የካናዳ ሊበራሎች ነበሩ፤ አገራችንን አሜሪካ ልትውጣት ነው ብለው ያሸነፏቸው ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው። በ1988 ወግ አጥባቂው ብራያን መልሮኒ ስምምነቱን ይዘው ሲመጡ፣ ድንበር ተፋቀ ብለው የጮኹት ሊበራሎቹ ሆኑ። መልሮኒም ቢሆኑ በ1983 ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደሩ ነፃ ንግድን ይቃወሙ ነበር።

ውጤቱም የሚያስተምር ነው። የመልሮኒ ፓርቲ 43 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ295 መቀመጫዎች 169ኙን ወሰደ። ስምምነቱን የተቃወሙት ሁለቱ ፓርቲዎች በድምሩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ቢያገኙም ስለተከፋፈሉ ተሸነፉ። የስምምነቱን ዕጣ የወሰነው እንግዲህ የአገሪቱ የራሷ የምርጫ ሥርዓት ነው። በ1993 ናፍታን እንደገና እንደራደራለን ብለው ሥልጣን የያዙት ሊበራሎችም፣ ጥቂት ማብራሪያ አስጨምረው ከጥር 1 ቀን 1994 ጀምሮ ራሳቸው ሥራ ላይ አዋሉት።

ከድንበሩ ማዶም ያው ነው። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኅዳር 1993 ናፍታን 234 ለ200 ሲያጸድቅ ከደጋፊዎቹ 132ቱ ሪፐብሊካን ነበሩ። ስምምነቱን የሚገፉት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ዴሞክራት ሆነው ሳሉ አብዛኞቹ የፓርቲያቸው ተወካዮች ተቃወሟቸው። ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ስምምነቱን ለማፍረስ የተነሳው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሆነ። በተቃዋሚ ወንበር ላይ የሚጮኽበት ስምምነት፣ ቤተ መንግሥት ሲገቡ የሚፈረምበት ነው።

ተረት 5፦ ባንኩንና ቴሌውን ያስከፈተን የዓለም ንግድ ድርጅት ነው

እውነታው፦ እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ የብድር ቅድመ ሁኔታ፣ የገበያ ችሮታና የንግድ ስምምነት። ኢትዮጵያ ለሳፋሪኮም የቴሌኮም ፈቃድ የሰጠችው በ2021 ነው፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በፓርላማ የጸደቀው በታኅሣሥ 2024 ነው። በሁለቱም ጊዜ አገሪቱ የድርጅቱ አባል አልነበረችም። የአባልነቱ ድርድር አንዱ ግፊት መሆኑ አይካድም፤ ውሳኔው ግን የመንግሥት ነበር። በሐምሌ 2024 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ደግሞ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተያያዘ የብድር ፕሮግራም ነው፤ ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ውል።

የአፍሪካ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ የፈቀደው አጎዋም የንግድ ስምምነት አይደለም። አሜሪካ በ2000 በራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፤ ሰጪዋም ነሺዋም እሷ ናት። በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በሚል ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስታስወጣ፣ ጉዳዩን አቤት የሚሉበት ጉባኤ አልነበረም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎችና ሠራተኞች ጉዳቱን ተሸከሙ። በሰው ወርቅ አይደምቁ እንደሚባለው፣ በችሮታ የተገኘ ገበያ በስምምነት ከተያዘው ይልቅ ለሌላው ፈቃድ ያጋልጣል። ከስምምነት ውጭ መሆን ብቻውን ሉዓላዊነት አያስገኝም።

ተረት 6፦ ስምምነቱ ስለሚያስገድደን እጃችን ታስሯል

እውነታው፦ ይህን የሚወዱት ባለሥልጣናት ናቸው። ራሳቸው የፈለጉትን፣ ሕዝብ ግን የማይወደውን እርምጃ በውጭ ኃይል ማሳበብ ይቀላል። ቋጠሮው ሲታሰር ግን እነሱ ነበሩ፤ ምክር ቤቱም አጽድቆታል።

በካናዳ ሊበራሎች የሚበዙበት ሴኔት የ1988ቱን አዋጅ አላሳልፍም በማለቱ ነው ጉዳዩ ወደ ምርጫ የሄደው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 የውጭ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ የሕግ አካል ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት እጅ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳ ቁጣ ሬዲዮ ላይ ይቀራል።

የሚጠየቀውም ነገር አለ። የአፍሪካው ነፃ የንግድ ቀጠና በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች ቀረጣቸውን በ90 በመቶ የዕቃ ዓይነቶች ላይ በ10 ዓመት እንዲያነሱ፣ 7 በመቶውን ደግሞ በ13 ዓመት እንዲጨርሱ፣ 3 በመቶውን ጨርሶ እንዳይነኩ ይፈቅዳል። ከለላ በሚያገኘው 3 በመቶ ውስጥ የትኛው ዕቃ ይግባ? የማን ፋብሪካ ይጠበቅ፣ የማን ይጋለጥ? ይህን ዝርዝር የሚሞላው መንግሥት ነው፤ የፓርቲ ልዩነት ትርጉም የሚኖረውም እዚያ ላይ ነው። በምርጫ ክርክር «ሉዓላዊነታችን» የሚል ተወዳዳሪ ሲቀርብ፣ የትኛውን ዕቃ፣ በስንት ዓመት፣ ለሚጎዱት ምን ማካካሻ ይዞ እንደሚደግፍ ወይም እንደሚቃወም ይጠየቅ። ዝርዝሩን ካላወቀ ሉዓላዊነትም ሆነ ነፃ ንግድ በእሱ አፍ መፈክር ብቻ ነው።