በከተማ ዳርቻ ስላለው የባለጸጎች መንደር ኑሮ



ከጥቂት ጊዜ በፊት፥ ከደብረ ማርቆስ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ከምትገኘው ከአማኑኤል ከተማ አንድ ሽማግሌ ዘመዴ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ልጃቸው ሥራው ተቃንቶለት፥ በከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ በግንብ በታጠረ መንደር ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝቷል። ከመንደሩ በር ስንደርስ ዘበኛው አስቆመን፤ ስማችንን መዘገበ፤ ባለቤቱንም በስልክ ጠይቆ አስገባን። ሽማግሌው ቤቱን ዞረው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይባርክልህ፤ እጅግ ያማረ ነው። ለመሆኑ ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤትህ ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ግን ስሙን አያውቀውም ነበርና ዝም አለ። የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለው መንደር በአገራችን አዲስ ነገር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዪቱ የተሠራችው በሰፈር ነበር። መኳንንቱ ግቢያቸውን በየጉብታው ላይ ሲያቆሙ፥ ወታደሩና ሎሌው፥ ባለእጁና ነጋዴው በዙሪያቸው ጎጆውን ይቀልስ ነበር። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት ስሞች እስከ ዛሬ የሚያስታውሱን ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ጎዳና ይመላለሱ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። ሰውን በሰፈር ለይቶ ማስቀመጥን በፕላን ያመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ነው። ይኸውም ነጩና አገሬው እንዳይቀላቀሉ በማሰብ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ አቋቋመው።

ከነጻነት በኋላ በቦሌና በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሰፋፊ ቪላዎች ተሠሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ከሆነ ወዲህ ቤት ሠርቶ መሸጥ ቆሞ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ከታወጀ በኋላ ግን፥ ቤት እየሠሩ የሚሸጡ ኩባንያዎች በአያትና በለገጣፎ በኩል መንደር መመሥረት ጀመሩ።

በዳርቻ መንደር የመኖር ሐሳብ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። ኤቤኔዘር ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የከተማን ሥራና የባላገርን ንጹሕ አየር አንድ ላይ የሚያስገኝ «የአትክልት ከተማ» እንዲሠራ መከረ። እ.ኤ.አ. በ1903ም ከለንደን በስተሰሜን ሌችዎርዝ የተባለችው ከተማ ተጀመረች። ነገር ግን ሃዋርድ ያሰበው ፋብሪካውም፥ እርሻውም፥ የሠራተኛውም ቤት አብሮ እንዲኖር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አትክልቱን ወስደው ሠራተኛውን ከአጥሩ ውጭ ተዉት።

እንግዲህ በዚህ መንደር መኖር ምን ይመስላል? ምቾቱን መካድ አይገባም። መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሕፃናት መኪና ሳያስፈራቸው ብስክሌት ይነዳሉ። በከተማው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፥ በዚያ ብዙ ጊዜ የራሱ የጉድጓድ ውኃ አለ፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር ይነሣል።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ ዋጋ ይከፈላል። ለዘበኛው፥ ለጽዳቱና ለአትክልቱ በየወሩ መዋጮ አለ። መሥሪያ ቤቱ በመሀል ከተማ ለሆነ ሰው ጧትና ማታ በመንገድ የሚያልፈው ሰዓት ከዕድሜው ይቀነሳል። እርግጥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እስከ አያት ይደርሳል፤ ነገር ግን ከጣቢያው እስከ መንደሩ በር ያለው መንገድ ያለ መኪና የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህንንም ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት በየማለዳው ከሩቅ የሚመጡት የቤት ሠራተኞችና አትክልተኞች ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ግን በደረሰኝ የማይጻፈው ነው። በአሮጌው ሰፈር ሐዘን የደረሰበት ሰው ለማንም ሳይናገር ድንኳኑ ይተከልለታል፤ እድርተኛው ወንበሩን ተሸክሞ ይደርሳል፤ ሴቶቹ እንጀራውን ይዘው ይገባሉ። በግንብ በታጠረው መንደር ግን ዘበኛው ሌባን እንደሚከለክል ሁሉ፥ ሳያውቀው ለቅሶ ደራሹንም ሊከለክል ይችላል። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት፥ ቤት ገንዘብ ላለው ሁሉ ሲሸጥ ጎረቤትነት ግን በቡናና በእድር ብቻ እንደሚገኝ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት የምታስቡ አንባብያን፥ አስቀድማችሁ የይዞታውን ካርታ መርምሩ፤ የውኃውን ምንጭና የወሩን መዋጮ ጠይቁ፤ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የሚወስደውንም መንገድ በሥራ ቀን ጧት ተጉዛችሁ ሞክሩት። ከገባችሁም በኋላ እድር ካለ ተመዝገቡ፤ ከሌለ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር መሥርቱ። በዚያ የሚያገለግሉትን ሰዎች በስማቸው ጥሩ፤ ልጆቻችሁም ከአጥሩ ውጭ ካሉት ልጆች ጋር እንዲማሩና እንዲጫወቱ አድርጉ።

ሽማግሌው ዘመዴ በማግሥቱ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ምራታቸውን ቡና አስፈልተው፥ ራሳቸው በበትራቸው እየተመረኰዙ ሄደው የፊት ለፊቱን ቤት አንኳኩ። የወጣውም ሰው ደንግጦ፥ «ምን ደረሰ?» አለ። «ምንም አልደረሰ፤ አንድ ነገር ሳይደርስ እንድትተዋወቁ ብዬ ነው» አሉት። ሰውዬውም ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ተከትሏቸው መጣ። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ጎዳና ከኖሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ስማቸውን የተለዋወጡት ግን በዚያን ዕለት ነው።